ስለ ሣቅና ስለ አንድ የጠፈር ፊልም

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

ሣቅ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች አንዱ ለመሆኑ ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ ሣቅ የሚያበዛ ሰው እንደ ቀላል ሰው ይታያል፤ ፊቱን ያጠቈረ ግን ምንም ባይናገር እንኳ ቁም ነገረኛ ይባላል። በክፍል ውስጥ ሣቅ ያመለጠው ተማሪ «ምን ያሥቅሃል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጠያቂው ግን መልሱን ለመስማት ፈልጎ አይደለም። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፥ መልሱ ብዙ ትምህርት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ሰው የሚሥቅበትን ነገር ከነገረን፥ ምን እንደሚያውቅ፥ ማንን እንደሚፈራና ማንን እንደሚንቅ ለመረዳት አያዳግትምና። ዛሬ በመጽሔታችን ላይ ልጽፍ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን የፊልም ክበብ በወር አንድ ጊዜ፥ ዓርብ ከትምህርት በኋላ፥ በትልቁ አዳራሽ ፊልም ያሳያል። ባለፈው መንፈቅ ዓመት በአንዱ ዓርብ «ስፔስቦልስ» የሚባል የአሜሪካ አስቂኝ ፊልም ታየ። ሲጀመር አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄደ ግን ከኋላ የተቀመጡት አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ፤ እስከ መጨረሻው የቈየነው ከሠላሳ አንበልጥም። ሰኞ ጧት ከሰልፍ በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛዬ «ይህ የሞኝ ጨዋታ ነው፤ ጊዜያችንን በከንቱ አጠፋን» አለ። በክፍላችን በትምህርቱ የታወቀው ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ከዚህ አልፎ፥ «ሌላ ሰው ደክሞ በሠራው ላይ ማሾፍ ሥራ አይባልም፤ መሥራት ያቃተው ሰው መሸሸጊያ ነው፤ ለተማሪም የሚያስተምረው ድፍረትን ብቻ ነው» ሲል ፈረደ። እኔ በዚያን ቀን የምመልሰው ቃል አጣሁ። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የዚያን ቀን መልሴ አድርጋችሁ ቍጠሩልኝ።

አስቀድሜ ፊልሙን ላላዩት አንባቢዎች ጥቂት ልናገር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። «ስፔስቦልስ» ለሕዝብ የታየው በ1987 ሲሆን፥ ያዘጋጀው ሜል ብሩክስ ነው። ጽሑፉን ከቶማስ ሚሃንና ከሮኒ ግሬሃም ጋር ሆኖ ጽፎታል፤ በፊልሙም ውስጥ ራሱ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ ይጫወታል። የፊልሙ ዐላማ በዚያ ዘመን ዓለሙን ያጥለቀለቁትን የጠፈር ጀብዱ ፊልሞች እያስመሰሉ መሳለቅ ነው። ከሁሉም ይልቅ የተሳለቀበት ጆርጅ ሉካስ በ1977 ያወጣው «ስታር ዎርስ»ና በ1980 እና በ1983 የተከተሉት ሁለቱ ፊልሞች ናቸው።

ታሪኩም ባጭሩ ይህን ይመስላል። ስፔስቦል በምትባል ፕላኔት የሚኖሩ ሰዎች የሚተነፍሱትን አየር በስንፍና አባክነው ይጨርሱታል። ድሩይዲያ የምትባል ሰላማዊ ጎረቤት ፕላኔት ደግሞ ብዙ ንጹሕ አየር አላት፤ ዙሪያዋንም የማይበገር ጋሻ ይጠብቃታል። የስፔስቦል ፕሬዚዳንት ስክሩብና የጦር አዛዡ ዳርክ ሄልሜት የድሩይዲያን ንጉሥ ልጅ ልዕልት ቬስፓን ማርከው፥ አባትዋ የጋሻውን መክፈቻ ቍጥር እንዲሰጣቸው ሊያስገድዱት ያስባሉ። ልዕልቲቱ በበኩሏ ከማትወደው ልዑል ጋር ሊያጋቧት ሲሉ ከሠርግዋ ሸሽታ በጠፈር ላይ ትገኛለች። እርስዋን ለማዳን የሚላኩት ሎን ስታር የሚባል ዕዳ ያጐበጠው ጐበዝና ግማሹ ሰው ግማሹ ውሻ የሆነው ጓደኛው ባርፍ ናቸው። ሎን ስታርን ቢል ፑልማን፥ ባርፍን ጆን ካንዲ፥ ልዕልቲቱን ዳፍኒ ዙኒጋ፥ ዳርክ ሄልሜትን ሪክ ሞራኒስ ይጫወቱታል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያ ዓርብ እስከ መጨረሻው ከቈዩት አንዱ ብሆንም፥ የሣቅሁት ሰው ሲወድቅና ሲጋጭ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቀልዶች ባጠገቤ አለፉ። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ማንም ሳይወድቅ፥ ማንም ሳይመታ፥ እንባቸው እስኪፈስስ ይሥቁ ነበር። ይህ አናደደኝ። «እነዚህ ምን አይተው ነው?» እያልሁ ራሴን ጠየቅሁ። በኋላም ከነርሱ አንዱን ጠይቄ «ስታር ዎርስ»ን አይቼ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ስሙን እንጂ ፊልሙን አላውቀውም ነበር። እርሱም በፍላሽ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ሦስቱንም በሁለት ቅዳሜ ጨረስሁ። ከዚያ በኋላ «ስፔስቦልስ»ን ሁለተኛ ሳየው ሌላ ፊልም ሆኖ አገኘሁት። ፊልሙ አንድም አልተለወጠ፤ የተለወጥሁት እኔ ነበርሁ።

ምሳሌ ልስጥ። «ስታር ዎርስ» ሲጀመር አንዲት ትንሽ መርከብ ስትሸሽ ይታይና፥ ወዲያው ከተመልካቹ ራስ በላይ አንድ ታላቅ የጦር መርከብ ቀስ እያለ ይገባል። መርከቡ ረዥም ስለ ሆነ ተመልካቹ ይደነግጣል፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ ያለ አንዳች ቃል ይረዳል። ሜል ብሩክስም ይህንኑ ወሰደ። የርሱም መርከብ ይገባል፤ ያልፋል፤ አሁንም ያልፋል፤ አለቀ ስንል ሌላ ይቀጥላል። ተመልካቹ አስቀድሞ ይደነቃል፥ ቀጥሎ ይሰለቻል፥ በመጨረሻ ይሥቃል። መርከቡ አልፎ ጅራቱ ሲታይ ደግሞ ከኋላው አንድ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ለማንም ፍሬን አንይዝም ይላል። ይህን የመሰለ ጥቅስ በከተማችን ታክሲዎችና በጭነት መኪናዎች ላይ የምናነብ እኛ፥ ያን ሁሉ ግርማ ያ አንድ መስመር እንዴት እንዳፈረሰው ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም።

የጦር አዛዡም ነገር እንዲሁ ነው። በ«ስታር ዎርስ» ዳርት ቬደር የሚባለው ጥቍር ልብስ የለበሰ፥ ፊቱ በራስ ቍር የተሸፈነ፥ ትንፋሹ ከሩቅ የሚሰማ አስፈሪ ሰው ነው። ዳርክ ሄልሜትም በዚያው ልብስና በዚያው ትንፋሽ ይገባል፤ ወታደሮቹም ይንቀጠቀጣሉ። ነገር ግን ወዲያው የፊቱን መሸፈኛ ወደ ላይ ገልጦ በዚህ ነገር ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ ብሎ ይጮኻል። ከራስ ቍሩ ሥር የተገኘው መነጽር ያደረገ አጭር ሰው ነው። ራስ ቍሩም ከሰውየው ይበልጣል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ በአሻንጉሊት ሲጫወት፥ የራሱንም አሻንጉሊት ጀግና ሲያደርግ አንድ ኮሎኔል ድንገት ይገባበታል። አዛዡ አሻንጉሊቱን ሲሸሽግ ላየ ሰው፥ ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ሊያስፈራ አይችልም። ይህም ተራ ማሾፍ አይደለም። የሚያስፈራው ልብሱ ነው ወይስ ሰውየው? የሚል ጥያቄ ነው።

በ1980ው ፊልም ዳርት ቬደር ለባላጋራው አባትህ እኔ ነኝ ብሎ የገለጠለት ቃል በሲኒማ ታሪክ ከታወቁት አንዱ ነው። ዳርክ ሄልሜትም ሎን ስታርን በትግል መካከል አቁሞ ታላቅ ምስጢር ሊገልጥለት ይነሣል። ነገር ግን የሚነግረው ዝምድና በአባትና በአጎት፥ በወንድም ልጅና በዘመድ ዘመድ ተጠማዝዞ፥ ከአንድ የድሮ የመኝታ ቤት ተጋሪ ላይ ይደርሳል። ታዲያ ይህ እኛን ምን ያደርገናል? ተብሎ ሲጠየቅ ምንም ብሎ ይመልሳል። ዘር ቈጠራ በምንወድድ በእኛ አገር ይህን ሰምቶ የማይሥቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ስለ ቋንቋ ካነሣሁ አንድ ልጨምር። ዳርክ ሄልሜት ልዕልቲቱ በበረሃ ውስጥ መሸሸጓን ሲሰማ በረሃው ተበጥሮ እንዲፈተሽ ያዛል። ወታደሮቹም ትእዛዙን ቃል በቃል ተቀብለው፥ በቁመት ሰው የሚያህል የጠጕር ማበጠሪያ እየጐተቱ አሸዋውን ሲያበጥሩ ይውላሉ። ብዙ የእንግሊዝኛ ቀልድ ወደ ቋንቋችን ሲመጣ ይሞታል፤ ይህኛው ግን አልሞተም። በአማርኛም ጠጕር ይበጠራል፥ ነገርም ይበጠራልና። እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ ነገሩ ከቀልድነቱ በላይ ሆኖ ታየኝ። አለቃ ያዘዘውን ሳይመረምር እንዳለ የሚፈጽም ሰው፥ ድካሙ ብዙ ቢሆንም የሚያተርፈው የተበጠረ አሸዋ ነው። ትምህርቱን ሳይገባው በቃሉ የሚሸመድድ ተማሪም ከነዚያ ወታደሮች በምን ይለያል?

ከዚህ በኋላ ወደ ታሪኩ እምብርት እመለሳለሁ፤ ይኸውም አየሩ ነው። አንድ ሕዝብ የራሱን አየር አባክኖ ጨረሰ፤ ከዚያም በዕቅድ፥ በሥርዓትና በታላቅ ማሽን የጎረቤቱን ሊወስድ ተነሣ። ፕሬዚዳንት ስክሩብ ስለ አየሩ እጥረት በስልክ ሲጠየቅ፥ ምንም እጥረት የለም፥ ወሬ ነው ብሎ ይመልሳል። ስልኩን እንደ ዘጋም ከጠረጴዛው ውስጥ በቈርቈሮ የታሸገ አየር አውጥቶ ከፍቶ ያሸትታል። ለሕዝቡ እጥረት የለም፤ ለርሱ ግን መሳቢያው ሙሉ ነው። ዳርክ ሄልሜት የሚመራው ያ ረዥም መርከብም በመጨረሻ ቅርጹን ለውጦ፥ አቧራ መምጠጫ ማሽን የያዘች እጅግ ግዙፍ የቤት ሠራተኛ ሆኖ ይቆማል፤ የድሩይዲያንም አየር መምጠጥ ይጀምራል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረታችን የተነገረው ለነዚህ ሰዎች ይመስላል። ልዩነቱ እነዚህ የሚያማስሉት የሰውን ድስት ለመውሰድ መሆኑ ነው። ይህን ነገር ኰስታራ ተናጋሪ በመድረክ ላይ ቆሞ ቢነግረን እናዛጋ ነበር። በቧልት ስለ ተነገረን ግን ከአዳራሹ ከወጣን በኋላም ከእኛ ጋር ቈየ። የአየር፥ የውሃና የደን ነገር በየትምህርት ቤቱ በሚነገርበት በዛሬው ጊዜ፥ የቈርቈሮው አየር ቀልድ ከ1987 ይልቅ አሁን የሚከብድ ይመስለኛል።

ድሩይዲያም ቢሆን ከቧልቱ አላመለጠችም። ንጉሡ ልጁን ለማዳን ሲል የጋሻውን መክፈቻ ቍጥር ይናገራል። ቍጥሩ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት፥ አምስት ነው። ዳርክ ሄልሜት እንዲህ ያለውን ቍጥር በሻንጣው ላይ የሚያደርግ ሞኝ ብቻ ነው ሲል ይቈጣል። ጥቂት ቈይቶ ፕሬዚዳንቱ መጥቶ ቍጥሩን ሲሰማ፥ የኔም ሻንጣ ቍጥር ይኸው ነው ብሎ ይደነቃል። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» እንደሚባለው፥ ሰላማዊ መሆን ብቻ አገርን አይጠብቅም። በክፍላችን ስንቶቻችን የስልካችንን ቍጥር በዚሁ ዐይነት እንደ ቈለፍን ስንጠያየቅ፥ ለጊዜው ሁሉም ዝም አለ። ከዚያም ሁላችንም ሣቅን። በዚያው ቀን ቍጥራቸውን የለወጡ መኖራቸውን ዐውቃለሁ። አንዱም እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ፍርድ ልመለስ። «ሌላ ሰው በሠራው ላይ ማሾፍ መሥራት ያቃተው ሰው መሸሸጊያ ነው» ብሎ ነበር። እኔ ግን ነገሩን ስመረምረው ተቃራኒውን አገኘሁ። ሜል ብሩክስ ያን መርከብ ለማስረዘም የሉካስን መርከብ በደንብ መመልከት ነበረበት። ካሜራው የት እንደ ቆመ፥ መርከቡ በምን ፍጥነት እንደ ገባ፥ ሙዚቃው መቼ እንደ ተነሣ ካላወቀ፥ ተመልካቹ የትኛው እንደ ተነካ አያውቅም ነበርና አይሥቅም። የሰውን አነጋገር አስመስሎ የሚያሥቅ ልጅ ያን ሰው ከማንም ይልቅ ያዳመጠ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቧልት የስንፍና ሥራ ሳይሆን የጥንቃቄ ጥናት ነው።

ደግሞስ የተሳለቁበት ሥራ ተጐዳን? «ስታር ዎርስ» ከዚያ ወዲያም ተወድዷል፤ ከ1999 ጀምሮም ሌሎች ክፍሎች ተከታትለው ወጥተዋል። ሜል ብሩክስ በኋላ እንደ ተናገረው፥ ፊልሙን ከመሥራቱ በፊት ነገሩን ለጆርጅ ሉካስ አስታውቆት፥ ሉካስም ተስማምቷል፤ የጠየቀው የፊልሙን አሻንጉሊትና የመሳሰለውን ዕቃ እንዳይሸጥ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ የ«ስታር ዎርስ» አሻንጉሊት ንግድ እጅግ ትልቅ ነበርና። ሜል ብሩክስም ቃሉን ጠበቀ፤ ነገር ግን ይህንኑ ክልከላ ቀልድ አደረገው። ዮገርት የሚባለው ጥበበኛ ሽማግሌ፥ እርሱንም የሚጫወተው ሜል ብሩክስ ራሱ ነው፥ እንግዶቹን ወደ አንድ መደብር ወስዶ የዚያኑ ፊልም ስም የተጻፈባቸውን ሸሚዝ፥ የምሳ ዕቃ፥ የልጆች አሻንጉሊት፥ እሳት የሚተፋ መሣሪያ ሳይቀር ያሳያቸዋል። ገንዘቡ የሚገኘው ከፊልሙ ሳይሆን ከዕቃው ነው ብሎም በግልጽ ይነግራቸዋል። ባለቤቱ ሣቁን ፈቀደ፤ ሣቂውም የባለቤቱን ንብረት አልነካም። ትልቅ ሥራ ሣቅን ይችላል። ሣቅ የሚያፈርሰው ባዶውን ብቻ ነው።

ድፍረትን ያስተምራል የሚለውም ክስ ቢሆን ድፍረት በምን ላይ ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሜል ብሩክስ በ1926 በኒው ዮርክ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለደ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር ሆኖ በአውሮፓ ዘምቷል። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሂትለርን ደግሞ በሣቅ ዘመተበት። በ1967 በወጣው «ዘ ፕሮዲውሰርስ» በተባለው ፊልሙ፥ ሁለት አጭበርባሪዎች ገንዘብ ለማትረፍ ሲሉ እንዲወድቅላቸው አስበው ሂትለርን የሚያወድስ ተውኔት በመድረክ ያሳያሉ። ተመልካቹ ግን ነገሩን እንደ ቧልት ወስዶ በሣቅ ይፈነዳል። ለዚህም ፊልም ጽሑፍ የኦስካር ሽልማት ተሰጥቶታል። ሕዝቡን ሊያጠፋ በተነሣ ሰው ላይ የሣቀን ሰው ደፋር ብንለው ስድብ አይሆንበትም።

በእኛም አገር ይህ ዐይነት ሣቅ እንግዳ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የጻፉት፥ የዘመናዊ ቴአትራችን መጀመሪያ የሚባለው ተውኔት፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ ነበር። በአውሬዎቹ ተረት የተነካው የጊዜው አስተዳደር ስለ ነበረ ተውኔቱ ታገደ። እንግዲህ የአገራችን ቴአትር ሲወለድ የለቅሶ ልጅ ሳይሆን የሣቅ ልጅ ነበር፤ ሣቁንም የፈሩት ራሳቸውን በውስጡ ያዩት ናቸው።

ይህን ሁሉ ስል ፊልሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ቀልድ ብልግና ነው፤ ከታናናሾቻችን ጋር ተቀምጦ ለማየትም ያሳፍራል። አንዳንዱም ከመደጋገሙ የተነሣ ይሰለቻል። ልዕልቲቱን በአፍንጫዋ ማሾፉ እኔን አላሣቀኝም። ይሁን እንጂ በዚህም ላይ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በድሩይዲያ ልዕልት ላይ የተቀለደው ቀልድ በአሜሪካ በአይሁድ ልጃገረዶች ላይ ከሚነገረው ሐሜት የተወሰደ ነው፤ ያሾፈውም የወገኑ ሰው ነው። ከሁሉም ይልቅ ሞኙን ፕሬዚዳንት የሚጫወተው ሜል ብሩክስ ራሱ ነው፤ ስክሩብ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍም ብሩክስ የሚለው ስም ፊደላት ተዘዋውረው ነው። ሌላውን ሞኝ ከማለቱ በፊት የሞኙን ወንበር ለራሱ ይዟል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ ፊልሙ ብቻ ብዬ አይደለም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፥ ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ በክፍላችን ነበር። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ ምንባብ ተነሥቶ ሲያነብ፥ ደሴት ማለት የሆነውን ቃል ፊደሉን ተከትሎ «ኢስላንድ» ብሎ አነበበው። ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። ከሁሉ አብልጦ የሣቀው፥ ጠረጴዛ እስኪደበድብ ድረስ፥ እኔ ነበርሁ። ልጁም ተቀመጠ። ያን ዓመት እስኪያልቅ ድረስ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። እኔ ግን ያን ያህል የሣቅሁበትን ምክንያት ዐውቃለሁ፤ ከርሱ በፊት በነበረው ዓመት እኔም ያንኑ ቃል እንዲያው አንብቤ፥ አስተማሪው ብቻዬን አርመውኝ ነበር። የሣቅሁት ይህ እንዳይታወቅብኝ ነው። «የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» ይባል የለ? የመጀመሪያውን ምሣር ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። በኋላ ስንቀራረብ ደግሞ ልጁ እንግሊዝኛን የሚማረው ሦስተኛ ቋንቋው አድርጎ መሆኑን ዐወቅሁ። እኛ ሁለተኛው አልሆንልን ብሎ ሳለ በሦስተኛው ሣቅንበት። ያ ሣቅ ሳያውቁ የተሣቀ ሣቅ ነው።

በዚያው ዓመት በወላጆች ቀን አንድ እንግዳ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ እንደዚያ የስፔስቦል መርከብ ነበር፤ አለቀ ስንል ሌላ ይቀጥላል። በፀሐይ ላይ ቆመን አንዲት ልጅ ራስዋን ስታ እስክትወድቅ ድረስ አዳመጥን። በዚያን ቀን ማንም አልሣቀም። ከዚያም በኋላ እንኳ በጨዋታ መልክ ያነሣው የለም። ይህን ከዚያኛው ጋር ሳስተያየው አፈርሁ። ሣቃችን ወዴት እንደሚወርድ ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ኀይለኛው ሲያስቸግረን እንኰሳተራለን፤ ደካማው ሲሳሳት እንፈነድቃለን። በትምህርት ቤታችን ሣቅ በዛ ወይም አነሰ ከማለት ይልቅ በማን ላይ እንደምንሥቅ ብንነጋገር ይሻላል የምለው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ለክርክሩ መልሴ ይህ ነው። ጥሩ ሣቅ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አስቀድሞ የሚሥቁበትን ነገር ጠንቅቆ ማወቅን፥ ቀጥሎ ከተነፋው እንጂ ከወደቀው ላይ አለመሣቅን፥ በመጨረሻም ራስን ከሣቁ ውጭ አለማድረግን። «ስፔስቦልስ» እንከኑ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሦስቱንም አብዝቶ ያሟላል። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ አንዱንም አላሟላሁም።

ለፊልም ክበባችንም አንድ አሳብ አቀርባለሁ። «ስፔስቦልስ» በሚመጣው ዓመት እንደገና ይታይ፤ ነገር ግን በፊተኛው ወር «ስታር ዎርስ» ይቅደም። ያን ጊዜ ስንት ሰው ተነሥቶ እንደሚወጣ እንይ። ለቴአትር ክበባችን ደግሞ ለወላጆች ቀን ከለመድነው የለቅሶ ተውኔት ጐን ስለ ራሳችን፥ ስለ ሽምደዳችን፥ ስለ ፈተና ዋዜማችንና ስለ ረዣዥም ንግግሮቻችን አንድ አጭር ቧልት እንዲጽፍ ይፈቀድለት። አስተማሪዎቻችንም ይህን እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩብን እለምናለሁ። በደንብ ያላዳመጠ ተማሪ በደንብ ሊያስመስል አይችልምና፥ ቧልቱ ጥሩ ከሆነ ማዳመጣችንን ያስረዳል።

ቧልቱን የሚጽፍ ከተገኘም፥ ቃል ፊደሉን ተከትሎ የሚያነብ አንድ ሞኝ ተማሪ በውስጡ እንዲኖር እለምናለሁ። እርሱንም ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ።